በውሃ ብቻ ለሚያድግ ኦርኪድ ዩሪያ ይሆናል? መጠኑስ?

አደይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ በውሃ ብቻ የተቀመጠ ፋላኖፕሲስ (የኦርኪድ ዓይነት) አለኝ። ሁለት አዳዲስ ሥር እያወጣ ነው፣ ቅጠሉ ግን ፈዘዘብኝ። እጄ ላይ ለጎመን የተገዛ ዩሪያና የሚሟሟ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያለው ማዳበሪያ) አለ። የቱን፣ ለስንት ሊትር፣ በስንት ቀኑ ልስጠው? ውሃው የአዲስ አበባ ቧንቧ ነው።

ወይራ፦
እህቴ፣ ዩሪያውን ለጎመኑ ተዪው። 46% ናይትሮጅን አለው፤ ግን ሥር በደንብ እንዲጠቀምበት በአፈር ያሉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት መቀየር አለባቸው። በየሳምንቱ በሚደፋ ውሃ ውስጥ ለዚህ ጊዜ የለም። 20-20-20ውም ቢሆን ጀርባውን አንብቢው፤ ብዙ ጊዜ ከናይትሮጅኑ ትልቁ ድርሻ ዩሪያ ነው።

የሚሻለው የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ካልሲየም ናይትሬት ነው፤ 15.5% ናይትሮጅን አለው፣ ያውም ከሞላ ጎደል ሁሉም ናይትሬት። 10 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠሽ በጨለማ ቦታ አስቀምጪ። ከዚህ 20 ሚሊ ሊትር (4 የሻይ ማንኪያ) ለ1 ሊትር ውሃ ስትጨምሪ 0.2 ግራም፣ ማለትም 31 ሚሊ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይደርሰዋል። ይበቃል። ፎስፈረስና ፖታሲየም ስለሌለው በሌላው ሳምንት 20-20-20ውን 0.1 ግራም ለ1 ሊትር ስጪው። ሁለቱን ሳይቀጥኑ አትቀላቅዪ፤ ካልሲየሙ ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ሁለቱም ይባክናሉ። የካልሲየም ናይትሬቱን ከረጢት አጥብቀሽ እሰሪ፣ ከአየር እርጥበት ስቦ ይረጥባል።

ጥቁር አፈር፦
ወይራ ያለው መጠን ትክክል ነው፤ እኔ ግን ማዳበሪያውን ሳምንቱን ሙሉ እዚያው መተውን አልደግፍም። ውሃው በተነነ ቁጥር ጨው ይከማቻል፣ ከሥሩም ውሃ ይስባል። መጀመሪያ የሚጎዳው አረንጓዴው የሥር ጫፍ ነው፤ ቡናማ ይሆንና ማደግ ያቆማል። አንድ ቀን በማዳበሪያ ውሃ አቆይተሽ ድፊው፣ ሥሩን አለቅልቂ፣ የቀሩትን ስድስት ቀናት ንጹህ ውሃ ይሁን። በወር አንዴ ማዳበሪያውን ዝለዪ። ውሃው የሥሩን የታችኛውን ሲሶ ብቻ ይንካ፤ የላይኛው አየር ይፈልጋል።

የቧንቧ ውሃሽን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛበት፣ ማሰሮው ላይ ነጭ ቅርፊት ካየሽ ካልሲየም ናይትሬቱን በግማሽ ቀንሺ።

አደይ፦
አመሰግናለሁ። ከድሮዎቹ ሥሮች ሁለቱ ግን ለስላሳ ናቸው፣ ይሸታሉም። ይህም ጨው ነው?

ጥቁር አፈር፦
አይደለም፣ መበስበስ ነው፤ አየር አጥተዋል። በስለታም ንጹህ መቀስ እስከ ጠንካራው ክፍል ቁረጪያቸው፣ ማዳበሪያውንም አዲሶቹ ሥሮች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪረዝሙ አቁሚ። ማሰሮውን በወረቀት ጠቅልዪው፤ ብርሃን ከማዳበሪያ ጋር ሲገናኝ አልጌ ያበቅላል።