«ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» ሲባል ምን ብዬ ልመዝግብ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን የውኃ ኮሚቴ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምይዝ ሰው ነኝ። ሌላው ሰምቶ የሚያልፈውን ቃል እኔ በእጄ ስለምጽፈው፣ አንዳንዱ አነጋገር ከጆሮዬ አልፎ ጣቶቼን አድክሟቸዋል። ባለፈው ስብሰባ አንድ ተናጋሪ «የመስመር ዝርጋታውን ከማጠናቀቅ አኳያ ሥራዎች እየተሠሩ ያሉበት ሁኔታ ነው ያለው» አሉ፤ እኔም እንደተነገረው ጻፍሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «ልጄ፣ ቧንቧው ተቀብሯል ወይስ አልተቀበረም?» ብለው ጠየቁ። መልሱ «እየተቀበረ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» ሆነ። እርሳቸውም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተቀመጡ። ማታ ጽሑፉን ስገለብጥ ከዚያ ሁሉ ንግግር የተረፈኝ «ሥራ እየተሠራ ነው» የሚል ብቻ ነበር፤ ማን እንደሚሠራው፣ የት እንደደረሰና መቼ እንደሚያልቅ የሚናገር አንድም ቃል አጣሁ። ይህ አነጋገር ልማድ ብቻ ነው ወይስ የሚሸፍነው ነገር አለ? ቃለ ጉባኤ ላይስ ባስተካክለው ነውር ይሆንብኛል?

መልስ፣ ከብቸና፦
ወንድሜ፣ የጠየቁት ነገር እኔንም ብዙ ጊዜ ያንገበግበኛል። «ነው» ን ከግሱ ማስቀደም በራሱ ስሕተት የለበትም፤ «እርሱ ነው የመጣው» ስንል የመጣው ሌላ ሰው አለመሆኑን አጥብቀን መናገራችን ነው። ነገር ግን «ሁኔታ ነው ያለው» ሲባል አጥብቀን የምንናገረው «ሁኔታ» የሚለውን ባዶ ቃል ሲሆን፣ ሥራውና ሠሪው ወደ ኋላ ይቀራሉ። «አኳያ» እና «አንጻር»ም ፊት ለፊት መሆንን፣ ትይዩነትን የሚያመለክቱ ቃላት ነበሩ፤ «ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አንጻር ነው» ሲባል ሰው የትኛውን ቤት ማየት እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ ግን «ከመሥራት አንጻር»፣ «ከመስጠት አኳያ» እየተባለ የዓረፍተ ነገር መግቢያ በር ሆነዋል።

በልጅነቴ ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ ስቆጥር (ስደርስ)፣ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ስለሆነ ሥራ የሌለው ቃል የሚደበቅበት ቦታ አልነበረውም። ቅኔዬን ስነግር የኔታ ቤት ለመሙላት ብቻ ያስገባሁትን ቃል ወዲያው ያውቁትና «ይህ ምን ይሠራል?» ይሉኝ ነበር። መልስ ካጣሁ ወደ ጎጆዬ ተመልሼ እንደገና እቆጥራለሁ፤ አንዳንዴ በአንዲት ቃል ምክንያት ሌሊቱ ይነጋል። እንዲህ ያለ ጉባኤ በነበረበት አገር ተቀምጦ ባዶ ቃል ሲደረደር መስማት በእውነት ያሳዝነኛል።

መልስ፣ ከሞጣ፦
በሁሉም አልስማማም፤ የተደጋገመ ቃል ሁሉ ጥፋት የለበትም። እናቴ እንጀራ ስትጋግር «እንትኑን አቀብይኝ» ስትለኝ እጇ ወደ አክንባሎው ተዘርግቶ ስለማየው ስሕተት ገጥሞኝ አያውቅም። «እንትን» ስሙ እስኪመጣ ድረስ ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ታማኝ ቃል ነው፤ የሚደብቀው ነገር የለውም። እኔን የሚያቃጥለኝ «ምናምን» ነው። «ለሠርጉ ድንኳን፣ ጠላ፣ ምናምን አዘጋጅተናል» ሲባል፣ ለጠላው ሌሊት ሙሉ ጥንስስ ስትጠብቅ ያደረችው ሴት ድካም ከማይረባ ነገር ጋር ይቆጠራል፤ ሰውን ስናዋርድ «ምናምንቴ» የምንለው እኮ ከዚሁ ቃል ነው።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
መምህር ነኝ። በክፍል ውስጥ የሚያስቸግረን «ማለት ነው» ነው። «መንቆረር ማለት የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ናት» ስንል ቃሉ አንዱን ስም ከሌላው ያገናኛል፤ ተማሪዬ ግን «አባይ ከግሽ ዓባይ ይነሣል ማለት ነው፣ ከዚያ ጣና ይገባል ማለት ነው» ይለኛል። ይህን የሚለው ቀጣዩን ሐሳብ እስኪያገኝ ዝምታውን ስለሚፈራ መሆኑን ከተረዳሁ ወዲህ መቆጣት ትቼ «ዝም ብለህ አስብ፣ እንጠብቅሃለን» እለዋለሁ፤ ብዙዎቹም ተሻሽለዋል።

ስለ ቃለ ጉባኤው ግን፣ የተናጋሪውን ቃል በገዛ ፈቃድዎ አይለውጡ፤ ነገ «እንዲህ አላልሁም» ሊባሉ ይችላሉ። ከዚያ ይልቅ ከመጻፍዎ በፊት በአክብሮት «ይቅርታ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼስ ያልቃል ብዬ ልመዝግብ?» ብለው ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ይህን ቢጠይቅ ድፍረት አይባልም፤ የሥራው ድርሻ ነው።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ስብሰባ ነበረንና በተመከርሁት መሠረት ጠየቅሁ። ተናጋሪው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «300 ሜትር ያህል ይቀራል፤ ቧንቧ ስላነሰን ቆመናል፤ ግዢውን መከታተል የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ። በእጄ የጻፍሁት ይህንኑ ነው። እኒያ አባትም «ይኸን ነበር እኮ የጠየቅሁት» አሉና፣ ቧንቧው እስኪመጣ ጉድጓዱ እንዳይደፈን ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንደሚጠብቁት ቃል ገቡ፤ እርሱንም ከነቀኑ መዝግቤዋለሁ።