በበርማ ጫካ የቻይና ዘማች ጦር፦ ስንት ነበር? ምንስ ሠራ?

አወያይ፦ ባለፈው ስለ እንግሊዛዊው መኮንን ስለ ዊንጌት ስንጨዋወት፣ የጌዴዎንን ጦር ይዞ ጎጃም የገባው ሰውዬ ኋላ በበርማ ዘመቻ ላይ እያለ በአውሮፕላን አደጋ መሞቱ ተነሥቶ ነበር። «የአራት ኪሎው» ወዲያው «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በርማን ከጃፓን ያስለቀቁት እንግሊዞች ሳይሆኑ ቻይናዎች ናቸው፤ 400,000 ሰው አዝምተው» አለ። ሻምበል ደግሞ «ተረት!» አሉ። ነገሩ ስለከረረ ለብቻው መድረክ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የጻፈ ይሰረዛል።

የአራት ኪሎው፦ ያልኩትን ደግሜ እላለሁ። 400,000 የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የቻይና ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ቁጥር ነው። ግማሽ ያህሉ ሞቷል ወይም ቆስሏል ይላሉ። ኤፕሪል 1942 በየናንጃውንግ የነዳጅ ጉድጓዶች አጠገብ ጃፓኖች የእንግሊዝን ክፍለ ጦር ቆርጠው ውሃ ጥም ሲጨርሰው ማን ደረሰለት? የቻይናው ጄኔራል የሱን ሊጄን 38ኛ ክፍለ ጦር ነው። ቀድሞ የገባው ሬጅመንት ከሺህ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበረው። ይህን «ተረት» የሚል ካለ ይምጣ።

ጡረተኛው ሻምበል፦ የየናንጃውንግን ማን ካደ? እኔ ተረት ያልኩት ቁጥሩን ነው። አንተ ሦስት የተለያየ ጦር አንድ ላይ ደምረሃል። አንደኛው በ1942 የገባው ነው፦ ሦስት ኮር፣ ዘጠኝ ክፍለ ጦር፣ በወረቀት ወደ 100,000 ሰው። ሁለተኛው ሕንድ ውስጥ ራምጋር ላይ የሠለጠነው፣ ሦስተኛው ደግሞ በቻይናዋ ዩናን ግዛት ቆይቶ በ1944 የሳልዊንን ወንዝ የተሻገረው። በዚህ ላይ በየዓመቱ የሞተውን ለመተካት የመጣው ሁሉ ይቆጠራል። በአንድ ቀን ጫካው ውስጥ 400,000 ቻይናዊ ተሰልፎ አያውቅም።

ወረቀቱም ቢሆን አይታመንም። የቻይና ክፍለ ጦር በመዝገብ አሥር ሺህ ይባላል፤ ሲቆጠር ስድስት ወይም ሰባት ሺህ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ውስጥ ተሸካሚውና ጠመንጃ ያልደረሰው ብዙ ነው፣ መድፍ የለም ማለት ይቻላል። የጃፓን ክፍለ ጦር ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። እኔ ወታደር ስለነበርኩ «ስንት ክፍለ ጦር» ሲሉኝ «ስንቱ ተኳሽ ነው? ስንቅስ በምን ይደርሰዋል?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ደግሞ 1942ን ተመልከት። የዳይ አንላን 200ኛ ክፍለ ጦር ከዘጠኝ ሺህ በታች በሆነ ሰው የቶንጉን ከተማ ከአሥር ቀን በላይ ይዞ ተዋጋ። ጀግንነት ነው። ግን ሌላው ጦር ሊረዳው አልደረሰም። አሜሪካዊው ስቲልዌል በስም አዛዥ ነው፣ ትእዛዙ ግን ከቾንግቺንግ ከቻይናው መሪ ከቺያንግ ካይሼክ ዘንድ ነው የሚመጣው። ሁለት ጌታ! የጃፓን 56ኛ ክፍለ ጦር በምሥራቅ በኩል በሻን ኮረብቶች ሳስቶ የተዘረጋውን መስመር ጥሶ ኤፕሪል 29 ላሺዮን ያዘ፤ ከበርማ ወደ ቻይና ስንቅና መሣሪያ የሚያልፍበት መንገድ ተቆረጠ። ጦሩን የጎዳው መበታተኑ ነው፤ ሰው አላነሰውም። ከዚያ በኋላ የቻይናው አዛዥ ዱ ዩሚንግ የቀረውን ይዞ በሁካውንግ ሸለቆ በኩል ወደ ሰሜን አፈገፈገ። ዝናብ፣ ወባ፣ ረሃብ። በማፈግፈጉ የሞተው በውጊያ ከሞተው ይበልጣል። ዳይ አንላንም ቆስሎ በመንገድ ላይ አለፈ። ሱን ሊጄን ግን ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰዎቹን በሥርዓት ሕንድ አስገባ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሻምበል፣ እርስዎ የሚናገሩት እውነት ነው፤ ግን በ1942 ላይ ቆሙ። ያ ሕንድ የገባው ጦር ራምጋር ላይ ምን ሆነ? በልቶ ጠገበ፣ ሰውነቱ ተመለሰ፣ የአሜሪካ መሣሪያና መድፍ ታጠቀ፣ ሠለጠነ። ተጨማሪ ምልምል ከቻይና በሂማላያ ላይ በአውሮፕላን ተጫነለት። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ 38ኛውና 22ኛው ክፍለ ጦር በዚያው በሁካውንግ ተመልሰው ወረዱ፤ ከኋላቸው ከሕንድ ወደ ቻይና የሚዘረጋው የሌዶ መንገድ እየተቆፈረ። የገጠማቸው ሲንጋፖርን ከያዙት አንዱ የነበረው፣ ታናካ የሚመራው የጃፓን 18ኛ ክፍለ ጦር ነው። ገፉት! እዚህ አሜሪካ ግን ስለ በርማ ስትጠይቁ የሚነገራችሁ ስለ ሜሪል ሰዎች፣ ስለ አሜሪካው የጫካ ተዋጊ ጦር ነው፤ እነሱ ሦስት ሺህ ያህል ናቸው። አጠገባቸው የተዋጉት ክፍለ ጦሮች ስም እንኳ አይጠራም።

የደጀኑ ልጅ፦ ይሄማ ለኛ አዲስ ነው እንዴ? እስከ 1933 ዓ.ም. (ይቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) ጎጃም ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን እንቅልፍ የነሡት እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ ናቸው። የእንግሊዝን መጽሐፍ ስትከፍቱ ዊንጌትና ግመሎቹ ብቻ! ያው ሰውዬ በርማም ሄዶ ያው ሆነ። ቻይናው ይሞታል፣ ዝናው ለፈረንጅ።

ጡረተኛው ሻምበል፦ ስለ ጎጃም ከአንተ ጋር አልጣላም። በርማ ላይ ግን ተቃራኒውም ሆኗል። ጁን 1944 የሞጋውንግን ከተማ የያዘው የእንግሊዛዊው የካልቨርት ብርጌድ፣ ማለትም ቺንዲቶች የሚባሉት ከጠላት ጀርባ የሚዋጉት የዊንጌት ሰዎች ነበሩ፤ ደም ተፍተው፣ ተመናምነው። አንድ የቻይና ሬጅመንት አብሯቸው ነበር። ሬዲዮው ግን ከተማዋን የያዙት ቻይናና አሜሪካ ናቸው ብሎ አወጀ፤ ካልቨርት ንዴቱን በሽሙጥ ቴሌግራም ገለጸ። በሰሜን በርማዋ ከተማ ሚችና ላይ ደግሞ ሜይ 17 አውሮፕላን ማረፊያው በድንገት ተያዘ፣ ወደ ከተማዋ የተላኩት የቻይና ሻለቆች ግን ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተታኮሱ። ከተማዋ የወደቀችው ኦገስት 3 ነው።

የአራት ኪሎው፦ አዲስ ወታደር ስቷል፤ የማን ጦር አልሳተም? ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የጃፓኑ ጄኔራል ሙታጉቺ በ1944 ሦስት ክፍለ ጦር፣ ወደ 85,000 ሰው ይዞ ሕንድ ድንበር ኢምፋልና ኮሂማ ላይ ሲሞክር፣ የጃፓን 18ኛውና 56ኛው የት ነበሩ? ሰሜን በርማና ሳልዊን ላይ በቻይና ተይዘው ነበር። እነዚያ ሁለት ተጨምረው ቢሆን ኢምፋል ትተርፍ ነበር?

ጡረተኛው ሻምበል፦ በደንብ ነው የምትተርፈው! ሙታጉቺ የነበሩትን ሦስቱን እንኳ መቀለብ አቅቶት ነው ያለቁት። ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ሞተበት ወይም ቆሰለበት፤ ረሃብና በሽታ የጨረሰው ስንቱ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ክፍለ ጦር ብትጨምርበት ሁለት ክፍለ ጦር ረሃብተኛ ጨመርክ። ኢምፋልን ያሸነፈው የእንግሊዙ ጄኔራል የስሊም ጦር ነው፣ ያውም አብዛኛው ሕንዳዊ። ስለ «ተረሳ» ከተወራ ከቻይናው ቀድሞ ሕንዳዊው ይነሣ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ይሁን፣ ኢምፋል የሕንዶች ነው። ሰሜኑ ግን የማን ነው? ሚችና ከተያዘች ወዲህ ወደ ቻይና ጭነት የሚያደርሱት አውሮፕላኖች በዝቅተኛውና በአጭሩ መስመር መብረር ቻሉ፤ ጭነቱም አደገ። እኔ ከመንገዱ ይልቅ ይሄንን ነው ትልቅ ውጤት የምለው። በመንገዱ የመጀመሪያው የመኪና ቅፍለት ቻይና፣ ኩንሚንግ የገባው ፌብሩዋሪ 4፣ 1945 ነው፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት።

የዩናኑን ጦር ማንም አላነሣም። ሶንግሻን ተራራ ላይ ከሺህ ጥቂት የሚበልጡ ጃፓኖች ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 1944 ተከበው ተዋጉ። ቻይናዎቹ በስተመጨረሻ ከምሽጉ ሥር ዋሻ ቆፍረው፣ ፈንጂ ሞልተው ጫፉን አፈነዱት፤ ግን ለዚያ ኮረብታ ሺዎችን ገብረዋል። ታዲያ «ስንት ነበሩ» የሚለው ጥያቄ ለዚህ መልስ ይሰጣል? ብዛት ነበራቸው፣ ያነሳቸው ከባድ መድፍ ነው።

የደጀኑ ልጅ፦ እሺ፣ ለማን ጥቅም ነው ይሄ ሁሉ ሰው ያለቀው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አሁን ገና ጠየቅክ። ከኤፕሪል 1944 ጀምሮ ጃፓን በምሥራቅ ቻይና ከባዱን ጥቃት ከፍታ ሄናንን፣ ከዚያም ሁናንን ስትጠርግ፣ የቻይና ምርጥ የታጠቁ ክፍለ ጦሮች በርማና ሳልዊን ላይ ነበሩ። ቺያንግ ሳልዊንን መሻገር አልፈለገም፤ ሩዝቬልት እርዳታው ይቆማል ብሎ ነው ያስገደደው። ለእኔ ትልቁ ዋጋ የተከፈለው በርማ ውስጥ አይደለም፣ ጦሩ ጥሎት በሄደው ባዶ ቤት፣ በራሷ በቻይና ነው።

ጡረተኛው ሻምበል፦ ልጄ፣ በዚህ አብሬሽ ነኝ።

የአራት ኪሎው፦ ሻምበል፣ እንግዲያው ይቺን ይመልሱልኝ። በ1944 መጨረሻ ቺያንግ 14ኛውንና 22ኛውን ክፍለ ጦር ወደ አገሩ ሲጠራ፣ ስሊም ደግሞ የኢራዋዲን ወንዝ ሊሻገር ሲዘጋጅ 75 ዳኮታ አውሮፕላኖች በአንድ ጠዋት ተነሥተውበት ወደ ቻይና ሄዱ። ስሊም ያበደበት ነገር ነው። ሰሜኑ ተራ ግንባር ከነበረ፣ ቻይናው ሲነሣ ሁሉ ነገር ለምን ተናጋ?

ጡረተኛው ሻምበል፦ የተናጋው በአውሮፕላኖቹ ነው እንጂ በክፍለ ጦሮቹ አይደለም። ስሊም ከዚያ በኋላ ኢራዋዲን ተሻግሮ የሜክቲላን ከተማ ያዘ፣ ማርች 1945። በዚያ ግንባር አንድም የቻይና ክፍለ ጦር አልነበረውም። ማታ እመለሳለሁ፣ መብራት ሊጠፋ ነው።