የ1997 ሚያታዬ በድንገት ሚስ ማድረግ ጀመረች፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሚያታ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። የ1997 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ፣ ባለ 1.8 ሊትር፣ ማንዋል። ትናንት ማታ በዶፍ ዝናብ ከቨርጂኒያ ስመለስ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ባንዴ ጉልበቷ ጠፋ። አምስተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን ስሰጣት ሚስ እያደረገች፣ ማለትም እሳት እየሳተች፣ ትንገጫገጫለች። ሚኒሞ ላይ (ቆማ ቤንዚን ሳልሰጣት) ደግሞ መሪው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። የሞተሩ መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፣ በኋላ በርቶ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ምንም ችግር አልነበረባትም። አንድ ጋራዥ ጋ ብደውል መኪናዋን ሳያዩ «ቦቢናውንም ካንዴላውንም ኢንጀክተሩንም እንቀይራለን» አሉኝ (እሳት አመንጪውን፣ እሳት ሰጪውንና ቤንዚን ረጪውን መሆኑ ነው)። ዋጋው አይቀመስም። ቁልፎች አሉኝ፣ በእጄ መሥራትም እወዳለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህት ከዳላስ
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አትንዳት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) እየገባ ነው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ይቃጠልና ያግለዋል፣ እስከ ማቅለጥም ይደርሳል። ያኔ የምታወጣው ገንዘብ ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ኮዱን አንብብ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ኦቢዲ 2 (የብልሽት ኮድ የሚያስነብብ ሥርዓት) አላቸው፣ ርካሽ ማንበቢያ ይበቃሃል። ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያለው የመጨረሻ ቁጥር ሲሊንደሩን ይነግርሃል። አንደኛው በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። ይህ ሞተር ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ዕቃ) የለውም። ከሞተሩ ኋላ ሁለት ቦቢናዎች አሉ፣ አንዱ ለ1 እና ለ4፣ ሌላው ለ2 እና ለ3 እሳት ይሰጣል። ጥንዶቹ አብረው ከሞቱ ቦቢናውን ጠርጥር። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ግን የካንዴላው ገመድና ካንዴላው ራሱ ይቅደሙ። ዝናብ ላይ መጀመሩም ወደ ገመዱ ነው የሚያመለክተው።

መልስ፦ የመርካቶ መካኒክ
ልጄ፣ ማንበቢያ ከሌለህ አትጨነቅ። ሞተሩን አስነሳና የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ንቀል። ስትነቅለው ድምፁ ካልተለወጠ የሞተው እሱ ነው። እኛ ስንት መኪና አዳንን በዚህ!

መልስ፦ ቦቢና ከአሌክሳንድሪያ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይሄ ለካርቡሬተር መኪና ነው የሚሆነው። እዚህ ገመዱ ሲነቀል እሳቱ መውጫ ይፈልጋል፣ ወይ እጁን ይመታዋል ወይ ቦቢናውን ይጎዳል። ቤንዚኑም ሳይቃጠል ወደ ኮንቨርተሩ ይሄዳል። ሚኒሞ ላይ የኢንጀክተሩን ሶኬት በየተራ ይንቀል። መልሱ ያው ነው፣ ቤንዚኑ ግን ይቆማል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ኮዱ ፒ0300 (ሲሊንደሩ ያልተለየ ሚስ) እና ፒ0303 ነው። የሦስተኛውን ኢንጀክተር ሶኬት ስነቅል ምንም ለውጥ የለም፣ የሌሎቹን ስነቅል ግን ልትጠፋ ትደርሳለች። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቦቢና ከአሌክሳንድሪያ
ጥሩ፣ ሦስተኛው ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ካንዴላ አትፍታ። ገመዱን በጎማው ይዘህ ንቀል እንጂ በሽቦው አትጎትት። ባትሪ አብርተህ ጉድጓዱን እይ። ዘይት ወይም ውሃ አለ? ካለ ሳትጠርግ ካንዴላውን አትፍታ፣ ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል። ካንዴላውን አውጥተህ ነጩን ሸክላ አገላብጠህ እይ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ካለች እሳቱ በዚያ በኩል ነው ወደ ቴስታታው የሚዘለው።

ማታ ደግሞ ኮፈኑን ከፍተህ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ገመዶቹ ላይ ትንሽ ውሃ በስፕሬይ ንፋ። እጅህን አስገብተህ ምንም አትንካ። ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ገመዱ አልቋል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያይር። ኮዱ ወደ ፒ0301 ከዞረ ካንዴላው ነው። ካልዞረ የኢንጀክተሩን ሁለት እግሮች በሜትር ለካ፣ ከ12 እስከ 16 ኦም መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ነው የኮምፕረሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት የመለካት፣ ነገር የሚመጣው። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ካለ ጥቂት ዘይት ጨምርና ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ማሸጊያ ነው።

ጠያቂው፦
ተገኘ! የሦስተኛው ጉድጓድ ዘይት አለበት። የገመዱ ጎማ አብጦ ለስልሷል፣ ጫፉም ተሰንጥቋል። ካንዴላው ላይ ያልከኝ ጥቁር መስመር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ማታ ውሃ ስነፋ ደግሞ ከዚያው ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። አራቱንም ገመዶችና ካንዴላዎች ቀየርኩ። ካንዴላዎቹ ኤንጂኬ ቢኬአር5ኢ-11 ናቸው፣ ክፍተታቸው 1.1 ሚሊሜትር። ሚኒሞዋ ተስተካከለ፣ ጉልበቷም ተመለሰ። ቦቢናውንና ኢንጀክተሮቹን አልነካኋቸውም።

መልስ፦ እህት ከዳላስ
እሰይ! ኮዱን አጥፋና ጥቂት ቀን ንዳት። የኮንቨርተር ኮድ፣ ፒ0420፣ ከመጣ ንገረን።

መልስ፦ የመርካቶ መካኒክ
እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ግን ዘይቱ ከየት መጣ? የቫልቭ ከቨሩ ጋስኬት (የሞተሩ የላይ ክዳን ማሸጊያ) ነው የሚያስገባው። እሱን ካልቀየርክ አዲሱም ገመድ እንደ አሮጌው ያብጣል። አሮጌውን ስታነሳ ፊቱን በደንብ ጥረግ። ጋስኬቱ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መያዣዎቹ ጋ ጥግ በሚሠራበት ቦታ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ትንሽ ሲሊኮን ቀባ። ብዙዎች እሱን ይዘሉትና ዘይቱ ተመልሶ ይመጣል። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በጥቂት በጥቂቱ እሰር። ጉልበት አታብዛ፣ ትናንሽ ናቸው፣ ይበጠሳሉ።

ጠያቂው፦
እሺ ጋሼ፣ ጋስኬቱን አዝዣለሁ። ቅዳሜ እገባበታለሁ።