ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በትንሽ ገንዘብ ሙያ መማር ለሚፈልግ

«እንትን ኮሌጅ እንዴት ነው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል። እዚሁ ልመልስ።

ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፎ ምህንድስና ካማረው፣ የእኔ ምርጫ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ቢሆንም ፎርሙ ላይ ወሎን ማስቀደም የእናንተ ነው። «መንግሥት ስለሆነ ነጻ ነው» የሚለውን ግን አትስሙ። ወጪ መጋራት ይፈረማል። ደግነቱ የሚከፈለው ሥራ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ዛሬ የሚያስፈልገው የኪስ ገንዘብና የኮፒ ብቻ ነው። ከደሴ እየተመላለስኩ ልማር ለሚል አልመክርም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት በክረምት ጭጋግ በሚኒባስ መውረድ ሌላ ነገር ነው። ዶርም ይግባ። ጋቢውን ደሴ ይተወው፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል።

ውጤት ካልመጣ? ዲግሪ ዲግሪ እያላችሁ ወደ ግል ኮሌጅ አትሩጡ። ዲግሪ ለመያዝ የግድ የሚታለፈው የመውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት ከ10 ተፈታኝ 6 ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ 2 እንኳን አልሞሉም። ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም አላልኩም። ግን ወላጅ ከእቁብ አውጥቶ ለዓመታት ከፍሎ ልጁ ያለ ዲግሪ ሲቀር ያማል።

እኔ ብሆን ደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ወይም ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ አስገባዋለሁ። በደረጃ ይማራል፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይፈተናል፣ ምሳውን ቤቱ ይበላል። ከሁለቱ? ቤታችሁ የሚቀርበውን። ብረታ ብረት ወይም ልብስ ስፌት ከሆነ ግን ወደ ኮምቦልቻ አደላለሁ። ጨርቃ ጨርቁ እዚያ ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። የትብብር ሥልጠና ሲባል የሚላክበት ድርጅት ቅርብ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

የትም ብትሄዱ ከመመዝገባችሁ በፊት ወርክሾፑን አሳዩን በሉ። ቶርኖው (የብረት መቅረጫ ማሽኑ) ስር ፍቅፋቂ ብረት ካለ፣ ዘይት ከሸተተ፣ ተማሪው እየሠራበት ነው። ማሽኑ ላስቲክ ለብሶ አቧራ ከጠጣ ለጉብኝት የተቀመጠ ነው። የግል ከሆነ ደግሞ ዕውቅናውን ጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው በየትምህርት ዘርፉና በየካምፓሱ እንጂ ለስሙ አይደለም። «አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፋችን አለው» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ።