ሰርትራሊን እየወሰድኩ ከአሜሪካ የመጣልኝን ቫይታሚን ልጨምርበት?

ጠያቂ (አዘዞ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለጭንቀት ሐኪም ያዘዘልኝን ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ እወስዳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን እየተሻለኝ ነው፤ ሌሊት ልቤ ድው ድው ማለቱ ቀንሷል። አሁን አሜሪካ ያለችው እህቴ በሰው እጅ አራት ብልቃጥ ላከችልኝ። ማግኒዥየም፣ ኦሜጋ 3፣ አሽዋጋንዳ፣ አንዱ ደግሞ ፊቱ ላይ «ሙድ ሰፖርት» የሚል ነው። «ሁሉም ከተፈጥሮ ነው፣ እሱን ከጀመርሽ ኪኒኑን ትተይዋለሽ» አለችኝ። እናቴ በበኩሏ ጠበል ግቢ ትላለች። ፍልሰታም ደርሷል፣ ቀጠሮዬ ግን ገና ነው። አብሬ ብወስዳቸው ችግር አለው?

መልስ (ማራኪ)
ምንም አይልሽም እህቴ። ቫይታሚን እኮ ነው! እኛ እዚህ በስንት ብር ነው የምንገዛው።

መልስ (ፋርማሲስት፣ ፒያሳ)
ይህን ምክር ባትከተዪው ይሻላል። እስኪ «ሙድ ሰፖርት» የሚለውን አዙሪና ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ላኪልኝ። የፊቱ ስም ምንም አይነግረንም።

ጠያቂ
5-ኤችቲፒ 100 ሚሊ ግራም፣ ሴንት ጆንስ ወርት 300 ሚሊ ግራም፣ ቢ6 ይላል። ገና አልከፈትኩትም።

ፋርማሲስት
እንኳንም አልከፈትሽው። እንደታሸገ ይቀመጥ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሰርትራሊን የሚሠራው ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ሕዋሳት መካከል ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ በማድረግ ነው። 5-ኤችቲፒን ደግሞ ሰውነትሽ ራሱን ወደ ሴሮቶኒን ይቀይረዋል። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ዕፅም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። ሦስቱን አንድ ላይ መውሰድ የፍሳሹን ቀዳዳ ደፍኖ ቧንቧውን እንደ መክፈት ነው። ሴሮቶኒን ከልክ ሲያልፍ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ ያስቀምጣል፣ መቁነጥነጥ ይመጣል። ክፋቱ ሰው ይህን ሲያይ «ጭንቀቴ አገረሸ» ብሎ ሌላ ፍሬ ይጨምራል። ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተር ወይም መቃዠት ከታየ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሴንት ጆንስ ወርት ሌላም ጣጣ አለው። ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ አቃጥሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች አቅማቸው ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ስሜን ተራራ ላይ የሚበቅለው የኛው አሜጃ የዚህ ተክል ዘመድ ነው። ግን ዘመድ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም፤ ቀቅላችሁ ጠጡ እያልኩ አይደለም!

ጠያቂ
አደነገጥከኝ። የቀሩት ሦስቱስ?

ፋርማሲስት
አሽዋጋንዳ የሚባለውን ዕፅ ሐኪምሽ ሳያውቅ አትጀምሪ። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊል ይችላል፣ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም አሉ። የታይሮይድ መብዛት ደግሞ ራሱ ልብ ያስመታል፣ ያስጨንቃል። ታይሮይድሽና የደም ማነስሽ ካልታየ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቂ።

ማግኒዥየም ከሰርትራሊን ጋር ብዙም አይጣላም። ኩላሊትሽ ጤነኛ ከሆነ በቀን ከ350 ሚሊ ግራም አትለፊ፤ ሲበዛ ሆድ ያላላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከታዘዙልሽ ግን አንድ ላይ አትዋጪው፣ መድኃኒቱን እንዳይሠራ ይይዘዋል። ጭንቀት ያጠፋል የሚለው ወሬ ከማስረጃው በላይ ነው።

ኦሜጋ 3 በትንሽ መጠን ብዙ አያሰጋም። ግን ሰርትራሊን ብቻውንም የመድማት ዕድልን ትንሽ ይጨምራል። ኦሜጋውን በብዛት፣ በላዩ ላይ ደግሞ አስፒሪን ወይም ኢቡፕሮፌን ከደረብሽ ይብሳል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻልሻል።

መልስ (አራዳ)
እኔም እዚሁ መድኃኒት ላይ ነኝ። ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ፤ ቡናውን ቀንሺ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ ከጠጣሽ በኋላ ልቤ መታ ብትዪ ማን ይፈርድልሻል? እኔ አቦሏን ብቻ ጠጥቼ እነሳለሁ፣ ጎረቤት ያኮርፋል እንጂ። ጫትማ አይነሳ።

ለጠበሉ፣ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። እኔ ስጠመቅም ኪኒኔን አላቋረጥኩም። ጠበል ጠጥተሽ የሚያስመልስሽ ከሆነ ግን ኪኒኑን በሌላ ሰዓት አድርጊው፣ አብሮ እንዳይወጣ።

ፋርማሲስት
ልክ ነው። ሰርትራሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ጾሙ አያግድሽም። ባዶ ሆድ ካቅለሸለሸሽ ከጾም መፍቻ በኋላ ውሰጂው፤ ዋናው በየቀኑ ሰዓቱ አንድ መሆኑ ነው። በራስሽ ግን እንዳታቆሚ። በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚል ስሜት ያመጣል። እህትሽ «ትተይዋለሽ» ያለችው ከሐኪም ጋር፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚሆነው።

መልስ (ማራኪ)
እሺ ተማርኩ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ኦሜጋው የዓሣ ዘይት አይደል? በፍልሰታ ይዋጣል?

ፋርማሲስት
እሱን ለንስሐ አባት ተዉልኝ። ሽፋኑ ግን ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ከከብት፣ አንዳንዴም ከአሳማ ይሠራል። ለጾሙ ተልባ አለልሽ። በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ዓይነቱ ከዓሣው ይለያል፣ ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት የሚቀይረውም ጥቂቱን ነው፤ ግን ምግብ ነው።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ወደ ክሊኒኩ ደውዬ ስለ አሽዋጋንዳው እጠይቃለሁ። ኦሜጋውን ለእናቴ ብሰጣትስ? ለልቧ በየቀኑ አስፒሪን ትወስዳለች።

ፋርማሲስት
አስፒሪን ካለችማ መጀመሪያ ሐኪሟ ይወቅ። የምትውጠውን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ኦሜጋውንም ጨምረሽ ይዘሽላት ሂጂ። «ሙድ ሰፖርቱን» ግን ለጎረቤትም እንዳትሰጪ።