ጓሮ ውስጥ ለወፍ ጥሬ መበተን፦ ጽድቅ ነው ወይስ ጣጣ?

ባለ ጓሮዋ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ እስኪ ፍረዱኝ። የምኖረው ታቦር ተራራ አካባቢ ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ጠዋት ቡና ሳላፈላ በፊት ክክ ስንዴና ማሽላ በሰፌድ ይዤ ወጥቼ ጓሮ እበትናለሁ። መጀመሪያ ድንቢጦች ብቻ ነበሩ፣ ከዚያ ርግቦች ሰሙ መሰለኝ መጡ፣ አሁን ደግሞ ደረታቸው ሰማያዊ የሆነ፣ ወንዶቹ ጉንጫቸው ላይ ቀይ ነጥብ ያላቸው ሚጢጢ ወፎች ይመጣሉ። እናቴ ታማ ከአልጋ በማትወርድበት ጊዜ "መስኮቱን ክፈቺልኝ" የምትለኝ እነሱን ለማየት ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በር አንኳኩቶ "ዶሮዎቼን የፈጀሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። አስራ አንድ ዶሮ ሞቶበታል። እውነት ጥፋቱ የኔ ነው?

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ኧረ ባክሽ! ወፍ ስላበላ ሰው ተከሰሰ? እዚህ ሀይቁ ዳር ና በሉት፣ አባ ኮዳ፣ ያ ግዙፉ አሞራ፣ ከሰው ጋር ተሰልፎ ነው የአሳ አንጀት የሚጠብቀው።

ጡረተኛው፦ ልጄ አትተዪ። እኔ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት እነሱ ናቸው። ሆዱ ብርቱካንማ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ የሆነ አንድ ወፍ አለ፣ ካረፈድኩ ቆርቆሮው ላይ ቆሞ ይጮህብኛል።

የገበሬ ልጅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ የከተሜ ጨዋታ ነው። እኔ ልጅነቴን የጨረስኩት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ከማሽላ ላይ ወፍ ሳባርር ነው። ግሪሳ አንድ ጊዜ ከሰፈረ የዓመት ልፋት በቀናት ውስጥ ገለባ ይሆናል። ማሽላ በዚህ ዋጋ ለወፍ ሲበተን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

ባለ ጓሮዋ፦ ወንድሜ የኔዎቹ ግሪሳ አይደሉም እኮ። አንድ እፍኝ ነው የምበትነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዛችኋል። ከዶሮዎቹ እንጀምር። አንገታቸው ተጣምሞ፣ አረንጓዴ ቅዘን ቀዝነው በጥቂት ቀን ውስጥ ካለቁ ፈንግል ሳይሆን አይቀርም። ቫይረሱ በኩስ፣ በመኖ፣ በውሃ መጠጫ፣ በጫማ ሳይቀር ይዞራል። የዱር ወፍ፣ በተለይ ርግብ ሊያመጣው ይችላል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን እኛ አገር ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚገባው ከገበያ በተገዛ ዶሮ ነው፣ በተለይ በበዓል ሰሞን።

ጎረቤትየው፦ ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ስሜ ሲነሳ ዝም ብዬ ላነብ ነበር፣ ግን አልቻልኩም። አዎ፣ ከገበያ ሁለት አውራ ዶሮ አምጥቻለሁ። ደህና ነበሩ። ርግቦቹ ግን በየቀኑ ከእሷ ግቢ በልተው እኔ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚያርፉት፣ ኩሳቸው ቀጥታ የዶሮዎቼ ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ለሷ ደስታ፣ ለኔ ኩስ። ይሄ ፍትህ ነው?

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ደህና የሚመስል ዶሮ እኮ ነው ጉድ የሚያመጣው፣ በሽታው ሳይታይ ቀናት ይቆያል። ክትባት ሰጥተሃቸው ነበር?

ጎረቤትየው፦ ...

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ገባኝ።

የባዮሎጂ መምህር፦ አትሳለቁበት፣ አስራ አንድ ዶሮ ቀላል ኪሳራ አይደለም። የፈንግል ክትባት ግን እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በዓይን ጠብታም በሚጠጣ ውሃም ይሰጣል። ባለ ጓሮዋም ግን ነፃ አይደለሽም። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ብሪታንያ ውስጥ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የወፎችን ጉሮሮ የሚዘጋ አንድ ጥገኛ ተውሳክ ከርግብ ወደ ትናንሽ ወፎች ተዛመተ። የታመመው ወፍ መዋጥ አቅቶት ጥሬውን መልሶ ይተፋዋል፣ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ያንኑ ይለቅማል። እዚያ አረንጓዴ ፊንች የሚባለው የጓሮ ወፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሶው አለቀ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ ልክ እንዳንቺ የሚወዷቸው ነበሩ። ችግሩ መውደዱ አይደለም፣ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ፣ ኩስና ጥሬ ተደባልቆ መከመሩ ነው። በአስር ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጪ፣ ቦታ ቀያይሪ፣ የተረፈውን ጥረጊ። የሻገተ እህል ደግሞ በፍጹም፣ ለሰው የማይሆን ሻጋታ ለወፍም መርዝ ነው።

ተማሪዋ፦ እኛ ቤት ዳቦ ነው የምንሰጣቸው፣ ችግር አለው?

የባዮሎጂ መምህር፦ አይገድልም፣ ግን ሆድ ሞልቶ አካል አይገነባም። ጨው ያለበትን ተዪ። ደግሞ ጥሬ በል የሆኑት ወፎች ራሳቸው ጫጩት ሲያሳድጉ አብዛኞቹ ትል ነው የሚሰበስቡት። ስለዚህ ግቢሽ ውስጥ አንድ ሁለት ዛፍ ካለ፣ መድኃኒት ካልነፋሽበት፣ ከዳቦው ይበልጣል።

ጡረተኛው፦ እኔን ያስቸገረኝ በሽታ ሳይሆን ጦጣ ነው። ሰፌዱን ይዛው ዛፍ ላይ ወጣች፣ ሰፌዱ እስካሁን እዚያው ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ጋሼ፣ ጥሬው ላይ ትንሽ ሚጥሚጣ ነስንሱበት። ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም፣ ጦጣና አይጥ ግን እንደኛው ነው የሚንጨረጨሩት።

ጡረተኛው፦ ቀልድህን ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦ የምሬን ነው። የቃሪያና የሚጥሚጣን ዘር ከቦታ ቦታ የሚያዳርሱት እኮ ወፎች ናቸው።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ስለ አባ ኮዳ ግን አንድ ነገር ልናገርና ልውጣ። ሰው ለፎቶ ብሎ አንጀት ይወረውርላቸዋል፣ ያምራል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ አሞራ እግርህ ስር ሲቆም ማን ይጠላል። ግን የቆሮሶ አሳ አንጀት በፌስታል ይመጣና ፌስታሉም አብሮ ይወረወራል። በዓይኔ ሲውጠው አይቻለሁ። ሁሉም ሰው ይናደዳል፣ እርምጃ የሚወስድ ግን ወፍ የለም።

የገበሬ ልጅ፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ውሃ አስቀምጡ፣ ዛፍ ትከሉ፣ እሺ። እህል ግን የሰው ነው።

ባለ ጓሮዋ፦ ሰማሁ። ርግቦቹ የሚወዱትን ስንዴ ትቻለሁ፣ ለሚጢጢዎቹ ትንሽ ዳጉሳ ብቻ፣ እሱንም ከአጥሩ ራቅ አድርጌ። ጎረቤቴ፣ ውሃ መጠጫውን ከቆርቆሮው ጠርዝ ስር አውጥተህ ክዳን አብጅለት፣ ክዳኑን እኔ እገዛለሁ። እናቴን የምታስታውስ ከሆነ ደግሞ በሬን እንደዚያ አታንኳኳ።

ጎረቤትየው፦ አስታውሳቸዋለሁ እንጂ፣ ቡናቸውን ስንት ቀን ጠጥቻለሁ። እሺ፣ ጮኼብሻለሁ፣ ይቅርታ። ቅዳሜ የቀሩትን አራት ዶሮዎች የሚከትብ ልጅ ይመጣል። ዶሮ ካለሽ አምጪ፣ አብሮ ይከተብልሽ።

ባለ ጓሮዋ፦ ዶሮ የለኝም።

ጎረቤትየው፦ እንግዲያ ርግቦቹን ያዢና ነይ።