የፈርዖንን ልብ ያደነደነው እግዚአብሔር ከሆነ ፈርዖን ምን አጠፋ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘፀአትን እንደገና እያነበብኩ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ምዕራፍ 4 ላይ ሙሴ ገና ግብፅ ሳይደርስ እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ እንደሚያደነድን ይነግረዋል። ከዚያ ፈርዖን እምቢ ይላል፣ መቅሠፍቱ ይወርድበታል፣ በመጨረሻም የበኩር ልጁን ያጣል። ሮሜ 9 ላይ ጳውሎስ ይህንኑ ታሪክ አንሥቶ እግዚአብሔር የወደደውን ይምራል፣ የወደደውን ያደነድናል ይላል። ታዲያ ነገሩ አስቀድሞ ካለቀ ሰውየው በምን ይጠየቃል? በናታችሁ «ምሥጢር ነው» ብላችሁ አትዝጉብኝ፣ እሱን ጠግቤዋለሁ።

ዝምተኛ አንባቢ፦
መቅሠፍቶቹን በተራ እያየህ አንብባቸው። ጓጕንቸሮቹ ሞተው ፋታ ሲያገኝ ልቡን ያደነደነው ራሱ ፈርዖን ነው፣ 8፥15 ላይ በግልጽ ተጽፏል። ዝንቦቹ ሲነሡለትም እንደዚያው። እግዚአብሔር አደነደነው የሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ስድስተኛው ላይ፣ ቍስሉ ሲወጣ ነው (9፥12)። እስከዚያ ድረስ ሰውየው መንገዱን መርጦ ጨርሷል። እግዚአብሔር በመረጠው መንገድ አጸናው እንጂ ደግ ሰው ይዞ ክፉ አላደረገውም።

እንግዳ27፦
ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ አታለስልሰው። 4፥21 ከሁሉም መቅሠፍት በፊት ነው የተነገረው። ደግሞ ጳውሎስ ስለ ያዕቆብና ዔሳው ሲናገር ገና ሳይወለዱ፣ በጎም ክፉም ሳያደርጉ ይላል። «ፈርዖን ቀድሞ ልቡን ራሱ ስላደነደነ ነው» የሚለው መልስ ለጳውሎስ በቂ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይለው ነበር። የአንተን ጥያቄ እሱ ራሱ 9፥19 ላይ ጠይቆታል እኮ! መልሱ ደግሞ «አንተ ሰው ሆይ፣ ለእግዚአብሔር የምትመልስ ማን ነህ?» ነው። ደስ አይልም፣ ግን የተጻፈው ይሄ ነው። ክርስቲያኖችም በዚህ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ ዶርት ላይ ሲኖዶስ ተቀምጠው የተሟገቱት ስለዚሁ፣ እግዚአብሔር የሚድኑትን ስለ መምረጡ ነው።

የማታ አንባቢ፦
እኔን የሚያናድደኝ ሰው ሁሉ ሮሜ 9ን አንብቦ መጽሐፉን መዝጋቱ ነው። ክርክሩ እስከ 11 መጨረሻ ይሄዳል። ጳውሎስን ያስጨነቀው የወገኖቹ የእስራኤል ነገር ነው፦ እግዚአብሔር የመረጠው ሕዝብ መሲሑን ካልተቀበለ ቃሉ ወደቀ ማለት ነው? 11 ላይ የተቆረጡት ቅርንጫፎች፣ ማለትም ያላመኑት እስራኤላውያን፣ በአለማመናቸው ካልጸኑ ተመልሰው ይገባሉ ይላል፣ ሁሉን በአለመታዘዝ የዘጋውም ሁሉን ይምር ዘንድ ነው ብሎ ይደመድማል። ጳውሎስ 9፥21 ላይ በምሳሌ የሚያነሣውን ሸክላ ሠሪም ቢሆን ኤርምያስ 18 ላይ እዩት። ዕቃው በእጁ ላይ ሲበላሽ አይጥለውም፣ ያንኑ ጭቃ መልሶ ሌላ ዕቃ ያደርገዋል። እዚያው ላይ «አጠፋዋለሁ ያልኩት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እኔም እተዋለሁ» የሚል አሳብ አለ። ስለዚህ ሉዓላዊነቱ እንደ ማሽን አይደለም። የፈለገውን ያደርጋል፣ የሚፈልገው ግን ምሕረት ማድረግ ነው።

ጠያቂው፦
ይሄኛው ትንሽ አሳረፈኝ። ይሁዳስ ታዲያ? እሱም ተወስኖበት ነው የሸጠው?

ዝምተኛ አንባቢ፦
ሉቃስ 22፥22 ላይ ጌታ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላቸዋል፦ የሰው ልጅ እንደ ተወሰነው ይሄዳል፣ አሳልፎ ለሚሰጠው ሰው ግን ወዮለት። ጴጥሮስም በጰንጠቆስጤ ቀን እንዲሁ ነው ያለው፦ በእግዚአብሔር በተወሰነው አሳብ ተሰጠ፣ እናንተ ግን ሰቅላችሁ ገደላችሁት። ዮሴፍም ወንድሞቹን «አልሸጣችሁኝም» አላላቸውም። ክፉ አስባችሁብኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ነው ያላቸው። ያው አንድ ድርጊት፣ ሁለት አሳብ። እነሱ በአሳባቸው ይጠየቃሉ፣ እሱ በአሳቡ ብዙ ሕዝብ ከረሃብ አዳነ። እንዴት እንደሚገጥም የነገረን የለም፣ አንዱን ለማዳን ብለን ሌላውን ከጣልን ግን ያነበብነው መጽሐፍ ሌላ ነው።

ጠያቂው፦
እሺ፣ ኤርምያስ 18ን ዛሬ ማታ አነባለሁ። ሮሜ 9፥22 ላይ ያሉት «የቁጣ ዕቃዎች» ግን አሁንም አልተፈቱልኝም።

የማታ አንባቢ፦
ኤፌሶን 2፥3ን አጠገቡ አድርገህ አንብበው። ጳውሎስ እዚያ ላይ «እኛም የቁጣ ልጆች ነበርን» ይላል፣ ራሱን ጨምሮ።